የቃኘው ዘማቾች ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለቅ የለበትም

የዘማች ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ውይይት የከፈትኩት አንድ ነገር ሲያብከነክነኝ ስለከረመ ነው።

የኮሪያ ዘማቾች፣ ማለትም የቃኘው ሻለቃዎች ወታደሮች፣ አንድ በአንድ እያለፉ ነው። በየቀብራቸው ላይ እንደ ወጋችን የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል። የትውልድ ቦታቸው፣ የልጆቻቸው ቁጥር፣ ከውትድርና በኋላ የሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ በዕድርና በማኅበር የነበራቸው ተሳትፎ በዝርዝር ይነገራል። ኮሪያ ላይ ሲደረስ ግን «ወደ ኮሪያ ዘምተው ታላቅ ጀግንነት ፈጽመው በድል ተመልሰዋል» ይባልና ይታለፋል። በየትኛው ሻምበል? የትኛው ኮረብታ ላይ? ማን ከጎናቸው ወደቀ? ቁስለኛ ተሸክመው አወረዱ ወይስ ራሳቸው በቃሬዛ ወረዱ? ልጆቻቸውን ብትጠይቁ አብዛኞቹ አያውቁም። ሜዳዩ በሣጥን ውስጥ አለ፤ ታሪኩ የለም።

አባቴ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ነበር። ከእሱ የቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። አራት ወታደሮች በአሸዋ ከረጢት ክምር ላይ ተቀምጠዋል፤ የአንዱ የራስ ቁር ማሰሪያ ተፈትቶ በጉንጩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጀርባው ላይ በእርሳስ አራት ስሞች ተጽፈዋል፤ ከሦስተኛው ስም አጠገብ ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው ማንም አልነገረኝም። ስሙን ግን ማንበብ እችላለሁ። እኔ የምጠይቃችሁ እንዲህ ያለ ነገር በእጃችሁ ካለ፣ ወይም ዘማች አባት ወይም አያት በሕይወት ካላችሁ፣ ምን እንደምናደርግ እንድንመካከር ነው። ጀግኖቻችን እያልን በጅምላ ማመስገን አይበቃም፤ እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው።

መምህሩ

በጥሩ ጊዜ አነሣሽው እህቴ። ለወጣት አንባቢዎች መነሻውን ላስታውስ።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን ኬክሮስ አቋርጦ ደቡብን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ጦር እንዲልኩ ሲጠይቅ ኢትዮጵያ እሺ አለች። ብዙ ሰው ይህን የአሜሪካ ወዳጅነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ወደ 1928 ዓ.ም. እመለሳለሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አገራቸው በፋሽስት ኢጣሊያ ስትወረር ዓለም እጁን አጣጥፎ መቀመጡን የወቀሱ ንጉሥ ናቸው። ከ14 ዓመት በኋላ ሌላ አገር ተወረረ ሲባል ዝም ቢሉ ያ አቤቱታ ከንቱ በሆነ ነበር።

የተመረጠው ጦር ከክቡር ዘበኛ ነው። ቃኘው የተባለውም በልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጅቡቲ በመርከብ ተጓዘ፤ አዛዡ ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሁለተኛውን አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል። ፑሳን ወርደው ከሠለጠኑ በኋላ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። በየተራ ከተላኩት ከ6,000 በላይ ሰዎች ውስጥ 121 ተሰዉ፣ 536 ቆሰሉ የሚለው አኃዝ ነው በብዛት የሚጠቀሰው። በጦር እስረኞች ልውውጥ ጊዜ ከተመለሱት መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ታሪኩ ለምን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ? ሁለት ጊዜ ስለተቀበረ ነው። መጀመሪያ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛው አዛዥ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሸፈ። ከዚያ ወዲህ የክቡር ዘበኛ ሰው መሆን በራሱ ጥርጣሬ ውስጥ ይከትት ነበር። ሁለተኛው ደርግ ሲመጣ ነው። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ለደቡብ ኮሪያ የተዋጋ ሰው ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሰክቶ አደባባይ የሚወጣበት ዘመን አልነበረም። አባቶች ለልጆቻቸው ያልነገሩት ዝምተኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። መናገር የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር። ዝምታው ከዚያ በኋላ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ከቹንቾን

እኔ የምማረው ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የዚህን ወገን ላካፍላችሁ።

ቹንቾን ከተማ ውስጥ በወንዝ ዳር የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ቆሟል። በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ከአጠገቡ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንዳች ነገር ልብን ይይዛል። ከሐውልቱ ማዶ ደግሞ ከዚያው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ።

ከሁሉ የነካኝ ግን ከውጊያው ጋር የተያያዘው አይደለም። ወታደሮቻችን ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት አቋቁመው ነበር፤ ቦኋዎን ይባላል። ከደመወዛቸው እያዋጡ ነው ያኖሩት። እዚያ ያደጉ ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ዛሬም ኢትዮጵያውያን ወታደሮችን ያነሣሉ። የእኛ የቀብር ንባብ ውስጥ ይህ ለምን አይገባም? አንድ ወታደር በምሽግ ውስጥ ስላደረገው ነገር የምንኮራ ከሆነ፣ ከምሽግ ሲወጣ የሰው ልጅ ስላሳደገበት ነገር የበለጠ መኩራት ይገባናል።

ሌላም ልጨምር፤ ዘማቾቹ ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ቁስለኞችን ለመርዳት እስከ ቶኪዮ ድረስ የሄዱ ኢትዮጵያውያት ነርሶች ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚጽፍ ሰው ከወታደሮቹም ያነሰ ነው።

ሰላም ፈላጊ

ሁላችሁም የምትሉት ከልብ እንደሆነ አያለሁ። ቢሆንም የሚከብደኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

በዚህ አገር ጀግንነት የሚለው ቃል ስንት ወጣት በልቷል? ፉከራው ያምራል፣ ቀረርቶው ደም ያሞቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። አጎቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ አለ የሚልም የለም። አያቴ እስክትሞት ድረስ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ በማዕዱ ላይ ታስቀር ነበር። እርሷ «የጀግና እናት» ሲሏት ፊቷን ታዞር ነበር። እኔ የምፈራው መታሰቢያ ስንለው የነበረው ይህ ሁሉ ሌላ ትውልድ ወደ ጦር ሜዳ ለመጥራት እንዳይውል ነው። የሞቱትን እያከበርን ጦርነትን ላለማክበር የሚያስችል መንገድ አለ ወይ?

ጡረተኛው መቶ አለቃ

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ወታደር የነበረ ሰው ይመልስልህ።

እኔ ኮሪያ አልደረስኩም፤ በዕድሜ አልገጥምም። የምሥራቁን ጦርነት ግን አውቀዋለሁ። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲያዝ ሕዝቡ ሲጨፍር እኛ ሬሳ እየለቀምን ነበር። ስለዚህ ጦርነትን አክብር ብሎ የሚመክርህ እኔ አይደለሁም። ጦርነትን የሚያከብረው በአብዛኛው ያላየው ነው።

ጀግና የምለው ማንን እንደሆነ ልንገርህ። እኛ ዘንድ አንድ የስንቅ ሰው ነበር። ሥራው ማታ ማታ ምግብና ውኃ ወደ ምሽግ ማድረስ ነው። መንገዱ በጠላት መድፍ የተለካ ነበር፤ በየትኛው ሰዓት የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ሰው ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ በሆዱ እየተሳበ ይመጣ ነበር። አንድም ጥይት ሲተኩስ አላየሁትም። በአንዱ ሌሊት ሳይደርስ ቀረ። ጠዋት ስናገኘው ጀሪካኑን ታቅፎ ነበር፤ ውኃው አልፈሰሰም። ለእርሱ ሜዳይ የሰጠው የለም። እኔ ስለ ጀግንነት ሳስብ ስንት ገደለ ብዬ አልጠይቅም፤ ማንን አልተወም ብዬ ነው የምጠይቀው።

መምህሩ ስለ ምርኮኛ ያነሡት ላይም አንድ ቃል አለኝ። የቃኘው ሰው አልተማረከም ሲባል እኔም ደስ ይለኛል። በሌሊት ቃፊር የቆሰለ ጓዳቸውን ትተው አልተመለሱም ማለት ነውና ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህን ስናወድስ የተማረከ ሰው የሚያፍርበት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን አስቡ። በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ያበረሩ፣ የጠላት አውሮፕላኖችን በሰማይ ላይ የጣሉ ሰው ናቸው። ተመትተው ወረዱና ተማረኩ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። ከማያልቅ ቀን ጋር 11 ዓመት መታገል ከአንድ ሰዓት የአየር ውጊያ ያነሰ ጀግንነት ነው የሚል ካለ እስር ቤት ያላየ ነው።

ሰላም ፈላጊ

አመሰግናለሁ መቶ አለቃ። የስንቁን ሰው ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። ስሙን ያስታውሱታል? እንዲህ ያለው መታሰቢያ ከሆነ እኔም አብሬያችሁ ነኝ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ

አስታውሰዋለሁ። የአባቱንም ስም፣ የተወለደበትንም ወረዳ። ቤተሰቡን ሳላስፈቅድ እዚህ አደባባይ ላይ አልጽፈውም፤ በደብተሬ ላይ ግን አለ።

መዝገብ ቤት

ይህን ሁሉ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሥራዬ ከአሮጌ ሰነዶች ጋር ነው። መቶ አለቃ በደብተር መያዛቸው ትልቅ ነገር ነው። ለሌሎቻችሁ በተግባር የሚረዳ ነገር ልጻፍ።

አንደኛ፣ ፎቶግራፍ። የዘማች ልጅ፣ ያ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈበት ከፊቱ ይልቅ ውድ ነው። ሁለቱንም ገጽ አንሺው። እርሳሱ የደበዘዘ ከሆነ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርገሽ፣ ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ እንዲንሸራተት አድርገሽ አንሺ፤ የእርሳሱ ጫና ያጎደጎደው መስመር ይወጣል። በስክሪብቶ አታድምቂው። ፕላስተር አትለጥፊበት። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀሽ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጪው፤ ማስታወሻ መጻፍ ካለብሽ በፖስታው ላይ ጻፊ።

ሜዳይም እንደዚሁ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ለየአገሩ ወታደር በየቋንቋው የተቀረጸ ነው፤ በአማርኛ የተቀረጸውም አለ። አታጽዱት፤ ኬሚካልና አሸዋ ጽሑፉን ይፍቀዋል። ሰብሳቢዎች ጥሩ ዋጋ እንደሚሰጡ አውቃለሁ፤ ቤተሰብ ሲቸገር መሸጡንም አልፈርድበትም። ከመሸጡ በፊት ግን ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የማን እንደነበረ ይጻፍ።

በሕይወት ያሉ ዘማቾችን ለመጠየቅ የምታስቡ ደግሞ አንድ ምክር ስሙኝ። «ስለ ጀግንነትዎ ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ሲባሉ ሁሉም በጋዜጣ የታተመውን ይደግማሉ፤ ወይም «እኔ ምን ሠራሁ» ብለው ይዘጋሉ። ትንንሹን ጠይቁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በምን ሄዱ? መርከብ ላይ ማን ታመመ? በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ምን መሰላቸው? ጫማቸው ይሞቅ ነበር? በምሽጉ ውስጥ በግራቸው ማን፣ በቀኛቸው ማን ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁሉን ይከፍታል፤ ሰው ስለ ራሱ መናገር ይከብደዋል፣ ስለ ጓደኛው ግን ይናገራል። ድምፃቸውን ቅረጹ። የተናገሩትን አታሳምሩት። ዝም ካሉም ዝም በሏቸው፤ አንዳንዱ ነገር የሚነገር አይደለም፤ ስለ እርሱ መገፋፋት ግፍ ነው።

ቀኖችን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ። የ32ኛው ሬጅመንት ሪፖርቶች በአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት ይገኛሉ፤ የተጻፉት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰዎች ስም እዚያ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገኝ የአያት ስም ጭምር ከያዛችሁ ፍለጋው ይቀላል። እዚህ ደግሞ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ የዚያን ጊዜ ጋዜጦች አሉት።

በመጨረሻ፣ ለቀብር የተዘጋጀውን የሕይወት ታሪክ ወረቀት አትጣሉት። አጭር ቢሆንም የመለያ ቁጥር ወይም የሻምበል ስም ሊኖርበት ይችላል።

መምህሩ

ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዘማቹ ኮሪያ የነበሩበትን ዘመን ካወቃችሁ የትኛው ቃኘው እንደሆነ ታገኙታላችሁ፤ ያንን ካወቃችሁ ደግሞ የት እንደተዋጉ ትደርሱበታላችሁ። በ1943 እና 1944 የነበሩት የመጀመሪያው ናቸው። የሁለተኛው ሰዎች እስከ 1945 ዓ.ም. አጋማሽ ቆይተዋል። ሦስተኛው የደረሰው በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ዮክ እና አንክል በተባሉት የፊት ምሽጎች ላይ ከቻይና ጦር ጋር የተደረገው ከባድ የሌሊት ውጊያ የእነርሱ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ አቁሙ ከተፈረመ በኋላ የሄዱትም ሰላም አስከባሪ ሆነው አገልግለዋል። ከእነዚህ አንዱ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በማራቶን ወርቅ ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞን በሩጫው የማያውቀው የለም፤ ኮሪያ መዝመቱን ስናገር ግን ተማሪዎቼ ይደነቃሉ።

የልጅ ልጅ

እኔ የማነብ እንጂ የምጽፍ አልነበርኩም። አያቴ የሦስተኛው ቃኘው ዘማች ናቸው፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ አእምሯቸው ደህና ነው፤ ጆሯቸው ግን ደክሟል። ከዚህ በፊት ስለ ኮሪያ ስጠይቃቸው «ያለፈ ነገር ምን ይደረግልኛል» ነበር መልሳቸው።

ትናንት መዝገብ ቤት ባሉት መንገድ ሞከርኩ። ጥያቄውን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ «በምሽጉ ውስጥ በግራዎ ማን ነበር?» የሚለውን። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንድ ስም ነገሩኝ። የመትረየስ ተኳሽ ነበር አሉ፤ አያቴ ደግሞ ጥይት አቅራቢው። ሰውየው ግራኝ እንደነበረ፣ ሲተኩስ አፉ ውስጥ ክር ያኝክ እንደነበረ፣ በዚያ ብርድ ጓንት ማድረግ እንደማይወድ፣ እጁ ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ ቆዳው ይላጥ እንደነበረ ነገሩኝ። እርሳቸው እጁን በራሳቸው ብብት ውስጥ እያስገቡ ያሞቁለት ነበር። ከተመለሱ በኋላ ተለያዩ፤ በ1953ቱ ግርግር ጊዜ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ መባሉን ብቻ ሰምተዋል። «በሕይወት ካለ ሰላም በይልኝ» አሉኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ስሙን እዚህ ልጻፈው ወይስ አልጻፈው?

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ ስሙን እዚህ አትጻፊው። አፍንጮ በር አካባቢ ካለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሂጂ፤ የዘማቾቹም ማኅበር እዚያው ነው። የሻምበሉን ስም፣ የመትረየስ ክፍሉን፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጽፈሽ ስጫቸው። አያትሽን ይዘሽ መሄድ ከቻልሽ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እርሳቸው ሌሎቹን ባያውቁ እንኳን ሌሎቹ ሊያውቋቸው ይችላሉ። ከመሄድሽ በፊት በቀኛቸው የነበረውንም ጠይቂያቸው።

የዘማች ልጅ

የምትሄጂበትን ቀን በግል መልእክት ንገሪኝ። መኪና አለኝ፤ አያትሽን ከቤት ወስጄ እመልሳቸዋለሁ። የሁለተኛውን ቃኘው የሚያውቅ ሰው እዚያ ካለ እኔም የምጠይቀው አለኝ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ

በጠዋት ሂዱ። ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ። ወንበር ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡላቸው፤ ጥያቄያችሁንም እንደዚያ በትልልቅ ፊደል ጻፉት።